ከውፍረት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመለሰው ረኃብ

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጕዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በአገራችን ረኃብ ሲባል አስቀድሞ ወደ ልቡናችን የሚመጣው የዝናም መጥፋትና የጎተራ መራቆት ነውና፣ ምግብ ሞልቶ ሳለ ስለሚሰማ ረኃብ መናገር እንግዳ ነገር ነው። ዳሩ ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን እያስከተለ ወደ ከተሞቻችን ከገባ ቈይቷል፤ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጠን የምንውል የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ደግሞ በዚሁ ምክንያት ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሱ አሉ። ከነዚህ አንዷ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ታሪኳን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድናገረው የፈቀደችልኝም እርሷው ራሷ ናት።

እኅቴ የምትኖረው በአሜሪካ አገር ነው። ክብደቷ 118 ኪሎ በደረሰና የስኳር በሽታ በጀመራት ጊዜ ሐኪሞቿ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት መከሯት። ይህ ሕክምና በብዛት የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉን ቈርጦ አውጥቶ የቀረውን እንደ ሸሚዝ እጅጌ አጥብቦ መስፋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከጨጓራው ጫፍ ከእንቍላል የማይበልጥ ትንሽ ኪስ ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት ነው። ይህን ሁለተኛውን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. የጀመሩት በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመኖችም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ለእኅቴ የተደረገላት የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ረኃብ የሚባል ነገር ጠፋላት። ጥቂት ማንኪያ ሾርባ ያጠግባት ነበር። ክብደቷም በ40 ኪሎ ቀነሰ፤ የስኳር መድኃኒቷንም ሐኪሟ አስቆመላት። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ብትመጣ ግን ዘመድ ሁሉ ደነገጠ። «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ? ታመሽ ነውን?» እያሉ እንባ ያወጡ አክስቶችም ነበሩ። በእኛ ዘንድ መክሳት የሕመም ወይም የችግር ምልክት ሆኖ ይቈጠራልና አይፈረድባቸውም።

በሦስተኛው ዓመት ረኃቡ ተመለሰ። ሌሊት ከእንቅልፏ ያስነሣትና ወደ ማድ ቤት ይወስዳት ጀመር። ከቀነሰችው 40 ኪሎ 15 ያህሉ ተመልሶባት ሳለ በአራተኛው ዓመት ለፋሲካ መጣች። እነዚያው አክስቶች በደስታ ተቀበሏት፤ «ተመስገን! አሁን አማረብሽ፤ ሰው መሰልሽ» እያሉ አገላብጠው ሳሟት። እርሷም እየሣቀች አመሰገነችና ጓዳ ገብታ ለብቻዋ አለቀሰች። ተከትያት ብገባ «ወንድምዬ፣ ጨጓራዬን ቈረጡልኝ እንጂ ረኃቤን አልቈረጡልኝም» አለችኝ። ከሐኪሟ ጋር ከተያየች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። «እትዬ፣ ስለ ምን ቀረሽ?» ብላት፣ «በምን ፊቴ ልሂድ? ሚዛኑ ላይ ቆሜ ምን ልበላቸው?» ስትል መለሰችልኝ።

ክቡራን አድማጮች፤ የዛሬው ንግግሬ የተዘጋጀው ስለዚህች «በምን ፊቴ» ስለምትባለው ቃል ነው። ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ሆዳምና ፈቃደ ደካማ ነው ተብሎ ይታማል፤ ከሌላው ይልቅ ራሱን የሚያማውም እርሱ ራሱ ነው። የሊቃውንት ምርመራ የሚያሳየን ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1944 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ፣ በጦርነት የተራበውን ሕዝብ መልሶ ለመመገብ የሚበጀውን ለማወቅ፣ በፈቃዳቸው የቀረቡ 36 ጤነኛ ወንዶችን ይዘው ምርመራ ጀመሩ። ምግባቸውም ለ24 ሳምንት በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ሰዎቹ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል አጡ። ቀን ስለ ምግብ የሚያወሩ፣ ሌሊት ምግብ የሚያልሙ፣ ሳሕን የሚልሱ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ሆኑ። ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚያ በኋላ የታየው ነው፤ ምግቡ ተመልሶላቸው እስኪጨነቁ ድረስ ከበሉ በኋላ እንኳ ረኃቡ ያልለቀቃቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ሆዳሞች አልነበሩም፤ ሆዳም ያስመሰላቸው ያጡት ክብደት ነው።

ሰውነት ክብደቱን እንደ ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ አለው ማለት ነው። የዘበኛው መልእክተኞችም በኋላ ዘመን ተገኙ። በ1994 ዓ.ም. የታወቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን የሚመነጨው ከስባችን ነው፤ ስቡ ሲቀንስ እርሱም ይቀንስና አንጎል ስንቅ እንዳለቀ ይረዳል። በ1999 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት ያገኙት ግሬሊን ደግሞ በብዛት ከጨጓራ እየመነጨ ረኃብን ይቀሰቅሳል። በእኅቴ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የሚወገደው ይህን ሆርሞን አብዝቶ የሚያመነጨው ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያው ጊዜ ረኃቡ ዝም ይላል። ነገር ግን ረኃብን የሚያዝዘው ጨጓራ ብቻ አይደለም። አንጎል የጐደለውን ስብ መፈለጉን አይተውም፤ የከሳ ሰውነት ቀድሞ ካቃጠለው ያነሰ ምግብ ያቃጥላል፤ የቀረውም ጨጓራ ከጊዜ ብዛት ጥቂት ሊሰፋ ይችላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሰውን ማታለል ይቻል ይሆናል እንጂ ሰውነትን ማታለል አይቻልም።

በስዊድን አገር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 2,010 ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲመረመሩ ኖረዋል። ከነዚህ መካከል ትንሹ የጨጓራ ኪስ ከአንጀት ጋር የተገናኘላቸው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 32 እጅ ቀንሰው ነበር፤ በ10ኛው ዓመት ግን ቅናሹ ከመቶ 25 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከወረደው ክብደት ጥቂቱ መመለሱ የብዙዎች ዕጣ ነው። ቢሆንም ትርፉ አልጠፋም፤ በ2007 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል የሞቱት ሕክምናው ካልተደረገላቸው መሰሎቻቸው ያነሱ ነበሩ። ጥቂት ኪሎ ስለ ተመለሰ ሁሉ ጠፋ ብሎ መተው፣ ከደመወዝ ጥቂት ቢጐድል ቀሪውን እንደ መጣል ያለ ስሕተት ነው።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል? አንደኛ፣ የረኃቡን ዓይነት መለየት ነው። ቀስ እያለ የሚመጣና ማንኛውም ምግብ የሚያስታግሠው የሰውነት ረኃብ ነው። በድንገት መጥቶ ኬክ ብቻ ወይም ጥብስ ብቻ የሚል ግን ብዙ ጊዜ የሐሳብ፣ የድካም ወይም የኀዘን ረኃብ ነው። አንዳንድ ጊዜም ጥማት ረኃብ መስሎ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ የአበላል ሥርዓት ነው። አስቀድሞ ፕሮቲን ያለውን መብላት ይገባል፤ እንቍላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ምስርና ባቄላ የመሳሰሉትን ማለት ነው። እንጀራውና ዳቦው በመጨረሻ በጥቂቱ ይከተላሉ። በደንብ እያላመጡ በዝግታ መብላት፣ ከምግብ ጋር አለመጠጣትና ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቈየት ይረዳል። በጾም ወራት የፕሮቲን ምግብ እንዳይጐድል ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መመካከር ያሻል።

ሦስተኛ፣ በስውር የሚገባውን መጠበቅ ነው። የጠበበ ጨጓራ ሥጋና እንጀራን ሲከለክል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና የፍራፍሬ ጭማቂ ግን ያለ ከልካይ ያልፋሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቈነጠረው ቆሎና ብስኩትም እንዲሁ ነው። መጠጥን በሚመለከት ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በተለይ ጨጓራቸው ከአንጀት ጋር የተገናኘላቸውን አልኮል ፈጥኖ ያሰክራቸዋል፤ ቀድሞ ጠጪ ያልነበሩ ሰዎችም ከጊዜ በኋላ በመጠጥ የተያዙ አሉ።

አራተኛ፣ የታዘዙትን ቪታሚኖች ዕድሜ ልክ አለማቋረጥ፣ በየቀኑ በእግር መሄድ፣ እንቅልፍን ማሟላትና በሳምንት አንድ ቀን መመዘን ነው። አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክብደቱ መመለስ ሲጀምር ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙ ጨጓራውን ይመረምራል፤ ምግቡን ያስተካክላል፤ የሚያወፍር መድኃኒት ታዝዞ እንደሆነም ያያል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ፣ የጥጋብን ሆርሞን የሚመስሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ስላሉ ለሚስማማው ሰው ሊያዝዝ ይችላል። እነዚህን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከጓደኛ ተቀብሎ መውጋት ግን ከባድ ስሕተት ነው።

ለቤተ ዘመድም አንድ ቃል አለኝ። «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» ማለት የፍቅራችን ምልክት ነው፤ ጨጓራው ለጠበበ ሰው ግን ያቺ ጉርሻ ሥቃይና ትውከት ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ ፍቅራችንን በሌላ መንገድ እንግለጽለት። አብረነው በእግር እንሂድ፤ በልቶ ሲበቃው በቃኝ ማለቱን እንመን። ሲከሳ «ታመሃል»፣ ሲወፍር «አማረብህ» ከማለት ይልቅም «ጤናህ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቀው።

እኅቴ ወደ አሜሪካ በተመለሰች በወሩ ወደ ሐኪሟ ሄደች። የፈራችው ተግሣጽ አልገጠማትም። ሐኪሟ «እንኳን መጣሽ፤ እኛም ስንጠብቅሽ ነበር» አሏት። ከተመለሰባት 15 ኪሎ በአንድ ዓመት ውስጥ 8ቱን ቀንሳለች። ረኃቡ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጐበኛታል። አሁን ግን ሲመጣ ስሙን ታውቀዋለች፤ ስለ እርሱም ለሐኪሟ ለመንገር አታፍርም።

ከአድማጮቼ መካከል «በምን ፊቴ» ብሎ ከሐኪሙ የሸሸ ቢኖር ነገ ጠዋት ቀጠሮውን ያድስ፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ለበሽተኛ ነውና።