ስለ ብቅል ሙቀት አጠባበቅ፤ ከጋን እስከ ፓምፕ



በአብዛኛው ጠላ ጠማቂ ቤት ያልተጻፈ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ብቅልን ከእሳት ማራቅ ነው። አሻሮው ይቆላል፤ ቂጣው ይጋገራል፤ እንኩሮው በምጣድ ላይ ይታመሳል። ብቅሉ ግን በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል እንጂ ምጣድ አያይም። እንኩሮውም ቀዝቀዝ ሳይል ከድፍድፉ ጋር አይቀላቀልም። ይህን ጥንቃቄ ከእናት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ባለሙያዎች የአንድ ጋን መበላሸት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ጠላ ሸጦ ለሚተዳደር ቤት የጠፋው እህሉና ማገዶው ብቻ ሳይሆን ደንበኛውም ጭምር ነው።

የዚህ ሕግ ሳይንሳዊ ምክንያት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1833 አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኃይል ከብቅል ለይተው ባወጡ ጊዜ ነው። ዲያስቴዝ ብለው የሰየሙት ይህ ነገር አንድ ኤንዛይም ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ወዲህ ተረጋግጧል። አንደኛው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው ከ68 እስከ 72 ዲግሪ አካባቢ ይበረታል፤ ወደ 78 ዲግሪ ሲደርስ የሁለቱም ሥራ ያከትማል። በጋን ውስጥ እነዚሁ ኤንዛይሞች በክፍሉ ሙቀት ቀስ ብለው ቀናት ወስደው ይሠራሉ፤ ስታርቹን የማብሰሉ ሥራ አስቀድሞ በምጣድ ተከናውኗልና። ለቢራ በሚዘጋጅ የሞቀ ድፍድፍ ግን ማብሰሉና መለወጡ በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ይፈጸማሉ። እሳቱም ከብቅሉ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱን ጠብቆ የብቅሉን ውሃ የሚያዘዋውር መሣሪያ የተፈለሰፈው ይህን ግንኙነት ለመግራት ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የተከካው ብቅል በወንፊት ወለል ላይ ይተኛል፤ ከወንፊቱ ሥር የሚጠራቀመው የብቅል ውሃ በፓምፕ ተስቦ፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ በኩል አልፎ፣ ተመልሶ ከላይ በእህሉ ላይ ይፈስሳል። ሙቀት መለኪያው ከተወሰነው ልክ ማነስና ማለፉን እያየ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል።

ለምሳሌ 6 ኪሎ ግራም ብቅልና 25 ሊትር ውሃ ይወሰድ። ውሃውን ከ18 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ 2,000 ዋት ያለው ሬዚስታንስ፣ የሚባክነው ሙቀት ሳይታሰብ፣ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ቀዝቃዛው ብቅል ሲጨመርበት ድፍድፉ ወደ 65 ዲግሪ ይወርዳል። በዚያ ልክ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ከተቀዳው ናሙና ላይ ጥቂት የአዮዲን ጠብታ ሲደረግ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ካልተለወጠ፣ ስታርቹ አልቋል ማለት ነው። ናሙናው ይደፋል እንጂ ወደ ድፍድፉ አይመለስም።

በዚህ መሣሪያ ላይ የሚደርሰው ዋነኛ ጥፋት የሚመነጨው ከመለኪያው አቀማመጥ ነው። መለኪያው በእህሉ መካከል ከተተከለ 65 ዲግሪን እያሳየ ሳለ ማሞቂያውን አልፎ የሚወጣው ውሃ እጅግ የጋለ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 4 ሊትር ቢፈስስ 2,000 ዋት የውሃውን ሙቀት በ7 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ፓምፑ ከልክ በላይ ስቦ እህሉ ወንፊቱን ቢደፍንና ፍሰቱ በደቂቃ ወደ 1 ሊትር ቢወርድ ግን ጭማሪው ወደ 29 ዲግሪ ይጠጋል። በ65 ዲግሪ የገባው ውሃ በመፍላት ደረጃ ይወጣል ማለት ነው። ውሃው ሁሉ በተራው በዚያው በር ስለሚያልፍ ኤንዛይሙ ተጠራርጎ ይጠፋል። ስለዚህ መለኪያው ከማሞቂያው መውጫ ላይ መተከል፣ ፍሰቱ በቫልቭ መገደብ፣ ፓምፑ ሳይሠራ ማሞቂያው እንዳይበራ ሁለቱ መቆላለፍ ይገባቸዋል።

ይህን መሣሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው የእጅ ሙያ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ አለ። በምናለሽ ተራ አሮጌው በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ለሌላ አገልግሎት ይውላል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያም የሬዚስታንስን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን ለምድጃ የሚበጅ ብረት ሁሉ ለመጠጥ አይበጅም። ቀድሞ ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜል ለዚህ ሥራ ፈጽሞ ሊመረጥ አይገባም። ድፍድፍ በጠባዩ ጎምዛዛ በመሆኑ ዚንክ ከተለበጠ ብረት ላይ ዚንኩን እየሟሟ ይወስዳል፤ ለምግብ የሚሆን የማይዝግ ብረት የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ የሚስበው ማሞቂያ ከውሃ አጠገብ ስለሚሠራ፣ የመሬት ሽቦና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው መሣሪያ ለሰው ሕይወት አደጋ ነው።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የአገሩ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ነክሮ «ይህ 100 ነው» ብሎ ያስተካከለ ሠሪ በዚያ ነጥብ ላይ በ8 ዲግሪ ያህል ተሳስቷል። በኤንዛይሞቹ የሥራ ልክ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከዚህ ያን ያህል የሰፋ አይደለም። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ መመሪያ መርካቶ ላይ ሳይታረም የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው ጌሾን አይተካም፤ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን የሚሰጠውን መዓዛም አይሰጥም። የሚሰጠው አንድ ነገር ነው፤ የዛሬውን ጥሩ ጥንስስ ነገም መድገም መቻል። ይህም ቢሆን የሚገኘው ሠሪው፣ ቴርሞሜትር ያልነበራቸው ጠማቂዎች ሲጠብቁት የኖሩትን ሕግ በብረትና በሽቦ ሲያከብረው ነው፤ እሳቱ ብቅሉን ያሙቀው እንጂ አይንካው።