የአራስ ሕፃን ቢጫነትና የካህናት ድርሻ
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ሕፃን በተወለደበት ቤት ጠበል ለመርጨት ከሐኪም ቀድመን የምንገባው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ሕዝባችን የወፍ በሽታ የሚለውን ቢጫነት በሕፃን ላይ አይተን፣ ምንነቱን ሳናውቅ ያለፍንባቸው ቤቶች አሉ።

ቢጫነቱን የሚያመጣው ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚመነጨው ቢሊሩቢን ነው። የአራስ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ፈጥኖ አያስወግደውም። በብዙ ሕፃናት በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ታይቶ በ2 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። እጅግ ሲበዛ ግን አንጎልን ይጎዳል፤ ሕፃኑ ከሞት ቢተርፍም መስማትን ሊያሳጣው፣ አካሉንም ሊያሽመደምደው ይችላል።

ሳይዘገይ ወደ ሕክምና የሚወሰደው የትኛው ነው? በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ፤ ቢጫነቱ እስከ መዳፉና እስከ ውስጥ እግሩ የደረሰ፤ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየበት፤ ጡት አልጠባ ያለ፣ የፈዘዘ ወይም ጀርባውን ወደ ኋላ የሚለጥጥ ሕፃን ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ ደሙም ከእናቱ ደም ጋር ለማይስማማ ጥንቃቄው ይበልጣል። የብርሃን ሕክምና እንደሚያስፈልገው የሚወሰነው የቢሊሩቢኑ መጠን ተለክቶ፣ ሕፃኑ ከተወለደ ካለፈው ሰዓትና ከእርግዝናው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ነው።

ሕፃኑ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ገላው ተገልጦ ከሰማያዊ መብራት ሥር ይተኛል። ብርሃኑ ቢሊሩቢኑን ለውጦ በሰገራና በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ጡት መጥባቱም አይቋረጥም። ሕክምናው የተጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ፀሐይ ያገኘው የሕፃናቱ ገላ ቢጫነቱ እንደሚቀንስ በማስተዋሏ ነበር። ሆኖም በደጅ የሚሞቀው ፀሐይ መጠኑ አይታወቅም፤ የደጋውም ብርድ ሕፃኑን ይጎዳዋልና የመብራቱ ምትክ አይሆንም።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጃናሞራና ከበየዳ ተራሮች ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ የአራስ ቤት ጨለማ ነውና ሕፃኑ ወደ በር ቀርቦ በቀን ብርሃን ይታይ፤ የዓይኑን ነጭ፣ ድዱንና መዳፉን እንመልከት።

ሁለተኛ፣ የ40 እና የ80 ቀን ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት እንጂ እናትና ልጅን ከሕክምና የሚያግድ አለመሆኑን እናስተምር።

ሦስተኛ፣ ለሞት ያሰጋ ሕፃን ከቀኑ በፊት እንዲጠመቅ ስንጠራ፣ ጥምቀቱ ሲፈጸም በዚያው ሰዓት አምቡላንስ ይጠራ። መኪና በማይገባበት ቀበሌም ሰበካ ጉባኤው ቃሬዛና ተሸካሚ ወጣቶችን አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ጠበሉን ረጭተን ስንወጣ፣ ሕፃኑን ሳናይ አንውጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።