ዝገት የበላውን የሞተር ብስክሌት ቤንዚን ታንክ ስለ ማደስ



ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት፥ ከወንዝ ማዶ ካሉት ከኦምዱርማንና ከባሕሪ ጋራ ሦስት ሆና እንደ አንድ የምትኖር ከተማ ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ። በገላባት በኩል ወደ መተማ ከተሻገሩትም ውስጥ ኑሯቸውን በካርቱም መሥርተው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙባቸዋል። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ፥ ከስደት የሚመለሰው ሰው በረከተ። ከተመላሾቹ አንዱ ሞተር ብስክሌቱ ከዘረፋ ተርፎለት በግቢው ጥግ ቢያገኘው፥ አቧራውን ጠርጎ ሊያስነሣው ይሞክራል። ሞተሩ ግን ጥቂት አጉረምርሞ ይጠፋል። የታንኩ ክዳን ሲከፈት ውስጡ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይታያል።

በዚህ ደረቅ አገር ዝገት ከወዴት መጣ የሚል ሰው አይጠፋም። ምክንያቱ ይህ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ ቀን በፀሐይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የውጭው አየር ከነርጥበቱ ይገባል። በተለይ በክረምቱ ወራት ይህ ርጥበት በብረቱ ላይ ወደ ጠል ይለወጣል። ውሃ ከቤንዚን የሚከብድ ስለ ሆነ ከታች ይዘቅጣል፤ ብረቱንም ከሥር መብላት ይጀምራል። የዝገቱ ዱቄት በሩቢኔቱ አልፎ ካርቡራተር ሲደርስ፥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። በሞተሩ እንጀራውን ለሚያበስል ሰው፥ ይህች በመርፌ ጫፍ የምትደፈን ቀዳዳ የቤተ ሰቡን ጉሮሮ እንደ ደፈነች ትቆጠራለች።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሁሉ አስቀድሞ ስለ እሳት ማሰብ ይገባል። ብዙ ሰው ባዶ ታንክ አያስፈራም ብሎ ይሳሳታል፤ ነገር ግን የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋራ የተደባለቀው የቤንዚን ትነት ነው። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በምድር ላይ እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል። በካርቱም መንገዶች ዳር ሴቶች በከሰል ምድጃ ሻይና ቡና እያፈሉ ሲሸጡ ማየት የተለመደ ነው፤ ከእነርሱ አጠገብ ታንክ የሚያራግፍ ሠራተኛ በራሱም በእነርሱም ላይ ሞት ይጠራል። ስለዚህ ታንኩ ከሞተሩ ተፈትቶ፥ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ሜዳ ይራገፍ። ያልታጠበ ታንክ ለብየዳ ከቶ አይሰጥ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው ተራ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ክዳኑና ሩቢኔቱ ይወልቃሉ፤ ታንኩም በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። ቅባትና የደረቀ ቤንዚን ዝገቱን ከሸፈኑት መድኃኒቱ አይደርስበትም።

ሁለተኛ፥ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ታንኩ በውሃ ይሞላና የሚያፈስበት ስፍራ ይፈለጋል። ብረቱ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ዘመኑን ጨርሷልና በከንቱ መድከም አያስፈልግም።

ሦስተኛ፥ ጥቂት ትንንሽ ብሎኖች ተቆጥረው ይገቡና ታንኩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በየገጹ ይነቀነቃል። ሲወጡም ይቆጠሩ።

አራተኛ፥ ታንኩ እስከ አፉ ድረስ በአቼቶ ይሞላል፤ ጎደሎ ከሆነ አቼቶው ያልደረሰበት ስፍራ ዝገቱን እንደ ያዘ ይቀራል። ለአንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በመካከሉም እየታየ ብረቱ ግራጫ ሲሆን ይደፋል። ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋ፤ አሲድ ብረት ሲነካ ጋዝ ያወጣልና። የባትሪ አሲድ ፈጣን ነው ብሎ መጠቀም ግን ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ደኅናውንም ብረት ያስበላል፤ ዓይንና ቆዳም ያቃጥላል።

አምስተኛ፥ አሲዱ ከተደፋ በኋላ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ገብቶ የቀረውን አሲድ ያበርዳል። ታንኩ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ወዲያው መድረቅ አለበት፤ እርጥብ የሆነ የተራቆተ ብረት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይቀላል። የካርቱም ፀሐይ በግንቦት ወር ከ40 ዲግሪ በላይ የምታግል ስለ ሆነች፥ ለዚህ ሥራ ያለ ዋጋ የተገኘች ረዳት ናት።

እንግዲህ ውስጡን በማሸጊያ ቀለም ስለ መቀባት መወሰን ይቀራል። ብረቱ ደኅና ከሆነ መቀባት ግድ አይደለም፤ ታንኩ ሁልጊዜ ሞልቶ ቢቀመጥ ይበቃዋል። የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነቁጦች ካሉ ግን፥ ለቤንዚን ታንክ ተብሎ የተሠራ ሁለቱ ተደባልቀው የሚጠነክሩ የኤፖክሲ ማሸጊያ ይፈስሳል፤ ታንኩ በዝግታ እየተገለበጠ ሁሉም ገጽ ይለበሳል፤ ትርፉ ይንቆረቆራል፤ የሩቢኔቱ ቀዳዳና የክዳኑ መተንፈሻ እንዳይደፈኑ ይጠረጋሉ። ሠሪው ያዘዘው ቀን ሳይሞላ ቤንዚን አይገባ። በርጥበት ወይም በልቅ ዝገት ላይ የተቀባ ማሸጊያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ካርቡራተሩን ይደፍናል፤ ያን ጊዜ የኋለኛው ስሕተት ከፊተኛው ይከፋል። ተራ የቤት ቀለምንም ቤንዚን ያሟሟዋል። በነጭ ዓባይ ዳር ባለው የከናና ስኳር ፋብሪካ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኤታኖል ይመረት እንደ ነበር ይታወሳል፤ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን አንዳንዱን አሮጌ ማሸጊያ ስለሚያለሰልስ፥ ኤታኖልን መቋቋሙ በጽሑፍ የተገለጸውን መምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ሩቢኔቱ ጸድቶ፥ አዲስ ፊልትሮ ገብቶ ታንኩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ለሹማምንት የሚቀረው ተግባርም ቀላል አይደለም። የቆየ ቤንዚንና የተጠቀሙበት አሲድ ወደ ቦይ ከተደፋ፥ ቦዩ ወደ ወንዝ፥ ወንዙም ወደ ሕዝቡ እንስራ ይደርሳል። ለዚህ የሚሆን በርሜል በየጋራዡ ማኖር፥ የታንክ ማጠቢያውንም ስፍራ ከምድጃና ከሕፃናት መዋያ አርቆ መከለል ለማናቸውም ከተማ የሚቻል ሥራ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ጦርነት ብዙ ነገር ያጠፋበት ሕዝብ፥ ከጦርነት የተረፈለትን ጥቂት ንብረት በቸልተኝነት ለዝገትና ለእሳት አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም።