ስንቅ ያልቃል፣ ባልትና አያልቅም
(በአምቦ አካባቢ ለሚገኙ የጎልማሶች ንባብ ክፍሎች የተዘጋጀ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ስንቅ ነው። ስንቅ ስንል ለአንድ ቀን የገበያ መንገድ የሚቋጠረውን ቆሎ ማለታችን አይደለም። ባሕር ተሻግሮ ለሚኖር ልጅ የሚላከውን ማለታችን ነው።

ዛሬ በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ፣ በጌዶና በባኮ ልጁ ወይም ዘመዱ ውጭ አገር የሄደበት ቤት ብዙ ነው። አንዷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አንዱ ሪያድ ነው። ሌላው አሜሪካ መኪና ይነዳል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከአንድ አገር ይህን ያህል ሰው ከተመለሰ፣ በየአገሩ ያለው ስንት እንደሆነ መገመት ይቻላል።

እነዚህ ልጆች ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይልና «እማዬ፣ ሽሮ አማረኝ» ይላሉ። አንዱ የገብስ ጭኮ ያምረዋል። ሌላዋ ጨጨብሳ በቅቤ። ሌላው ቆጮ። አምቦ ያደገ ደግሞ የአምቦ ውሃ ይናፍቀዋል።

ይህን የሰማ ሰው «ምግብ ሞልቶላቸው ምን ያቀብጣቸዋል?» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ቅብጠት አይደለም። ሩዙም ዳቦውም ሆድ ይሞላል። ነገር ግን ሰው የሚበላው ሆዱን ለመሙላት ብቻ አይደለም። እንጀራ በአንድ ትሪ ቀርቦ፣ አንዱ ላንዱ እያጎረሰ ነው ያደግነው። ብቻውን በባዕድ ቤት ቆሞ ዳቦ የሚገምጥ ልጅ፣ የጎደለው ጤፉ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ጭምር ነው።

ታዲያ ምን ይበጃል? እስቲ በመጀመሪያ የሚላከውንና የማይላከውን እንለይ።

ብዙ እናቶች ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ አዘጋጅተው ይልካሉ። ብዙ ቀን የተደከመበት ስንቅ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ተይዞ ይጣላል። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር የሚመጣ መንገደኛ ስጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ከልክለዋል። አሜሪካም ቋንጣ አያስገባም።

ይህ የሆነው በንቀት አይደለም። የከብትን አፍና እግር የሚያቆስለውን በሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ በሽታ በስጋና በወተት ከአገር ወደ አገር ይሻገራል። በ1993 ዓ.ም. ብሪታንያ ውስጥ ይኸው በሽታ ተነሣ። መነሻው ከውጭ የገባ ስጋ ያለበት ትርፍራፊ ለአሳማ በመሰጠቱ እንደሆነ ይታመናል። በሽታውን ለማጥፋት ከ6 ሚሊዮን በላይ ከብት፣ በግና አሳማ ተገደለ። ከብት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ የክልከላውን ምክንያት ይረዳል።

እንግዲህ ቅቤውን አትላኩ፤ የቅቤ ማንጠሪያውን ቅመም ላኩ። ለጋ ቅቤ እዚያም በሱቅ ይገኛል። የማይገኘው የእኛ ኮረሪማና ኮሰረት ነው። ልጃችሁ ጨው የሌለበት ቅቤ ገዝታ፣ እናንተ በላካችሁት ቅመም ብታነጥረው፣ ቤቱ የእናቷን ጓዳ ይሸታል። ቅመሙ ደርቆ የተፈጨ ቢሆን ይመረጣል። ጥሬ ዘርና ቅጠል የሰብል በሽታ ያመጣል ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ግን ከመላኩ በፊት ልጁ እዚያው ጠይቆ ቢያሳውቃችሁ ጥሩ ነው።

የአምቦ ውሃም አይመችም። ጠርሙሱ ይከብዳል፤ ሊሰበርም ይችላል። ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በእጅ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መግባት በብዙ አገር አይፈቀድም። አምቦን የናፈቀ ሰው እስኪመለስ መታገሥ ነው።

ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ግን ረጅም መንገድ ይችላሉ። ደረቅ ስለሆኑ ቶሎ አይበላሹም። ለዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህን መርዝ መቀቀልም መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተውን ለቅሞ መጣል እንጂ ከደህናው ጋር መፍጨት አይገባም። ዱቄቱም ከወፍጮ እንደመጣ በትኩሱ አይታሸግም። ተሰጥቶ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ።

ሌላም መታሰብ ያለበት አለ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ወጥ ቤቱ የእሷ አይደለም። ሽንኩርት አቁላልታ ወጥ ልሥራ ብትል አሠሪዎቿ ሽታውን ሊጠሉ ይችላሉ። ለእሷ የሚበጃት በሶ ነው። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሳት አይፈልግም። የራሱ ወጥ ቤት ላለው ደግሞ ሽሮና በርበሬው ይሻለዋል። ስንቅ የሚቋጠረው እንደ መንገደኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ስንቅ የቱን ያህል ቢበዛ ያልቃል። አምስት ኪሎ ሽሮ ስንት ወር ይቆያል? ከዚያ በኋላስ? ደግሞ ጤፉ ራሱ ዛሬ በውጭ አገር ይገኛል። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በአገራችን ሲሠራ ጤፍን አወቀ። አገሩ ተመልሶ አይዳሆ በተባለው ክፍለ አገር ጤፍ ማልማት ጀመረ። ይህ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። በ1998 ዓ.ም. መንግሥታችን ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ባገደ ጊዜም፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በዚያ ጤፍና በሌላ እህል እየቀላቀሉ ይጋግሩ ነበር።

ታዲያ ጤፉ ከተገኘ ምን ጎደለ? የጎደለው ሙያው ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሄዱት በለጋ ዕድሜ ነው። እናት ስትጋግር አይተዋል እንጂ ራሳቸው አቡክተው አያውቁም። ሊጥ የሚቦካው በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ነው። ሙቀት ሲያገኙ ይሠራሉ፤ ሲበርዳቸው ይተኛሉ። በብርድ አገር ሊጡ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ልጅቱ ትደውላለች፤ «እማዬ፣ ስንት ውሃ ልጨምር?» ትላለች። እናትም «እስኪበቃው ነዋ!» ትላለች። «በቂ» ግን ስንት ነው? የእናት እጅ ያውቀዋል። እጅን ደግሞ በስልክ መላክ አይቻልም።

በወረቀት ግን መላክ ይቻላል! «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም? እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ ባልትናችሁን ጻፉት። መጀመሪያ እንደ ልማዳችሁ ሥሩ። ውሃውን ከመጨመራችሁ በፊት ግን በብርጭቆ ስፈሩት። ጨውን በሻይ ማንኪያ ስፈሩት። ስፍራችሁን ወዲያው መዝግቡ። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ይድረስ ለልጄ። የእንጀራው አሠራር ይህ ነው።

1. 3 ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት ንፊ። 2 ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ በደንብ አሺው። እርሾ ካለሽ ግማሽ ብርጭቆ ጨምሪ።

2. ከድነሽ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጪው። 3 ቀን ያህል ይቆይ። ቤትሽ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀን ጨምሪለት። ሻጋታ ካየሽበት ድፊው።

3. ሽታው ኮምጠጥ ሲል ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ በቀስታ አፍስሺ።

4. ከሊጡ ግማሽ ብርጭቆ ቀንሺ። በ1 ብርጭቆ ተኩል ውሃ በጥብጠሽ እስኪወፍር እሳት ላይ አማስዪው። ይህ አብሲት ነው። ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሺው። ከወፈረብሽ ውሃ ጨምሪ።

5. ሊጡ ኩፍ ሲል ጋግሪ። ምጣድ ከሌለሽ ሰፊና የማይዝ መጥበሻ ይሆናል። ትንሽ ሊጥ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሪ።»

ይህን ወረቀት የሚቀማ ተቆጣጣሪ የለም። አይሻግትም፤ አይከብድም። ስልክ ያለው ሰው ፎቶ አንሥቶ ቢልከው በዚያው ቀን ይደርሳል። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በሚቀናችሁ ጻፉት። ቁም ነገሩ ልጃችሁ የሚያነበው መሆኑ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ጭኮ አሠራርን፣ ቅቤ አነጣጠርን፣ ቆጮ አጋገርን የሚያውቁ አሮጊቶች በየሰፈሩ አሉ። እነሱ ሲያልፉ ሙያቸው አብሮ ያልፋል። እዚሁ የቀሩት ልጆችም ቢሆኑ ሁሉም አያውቁትም። ለውጪው ልጅ ብለን የጻፍነው፣ ለአገር ቤቱም ልጅ ይተርፋል።

አባቶችም «ይህ የሴት ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። በጽሕፈት የበረታው ይጻፍ፤ ባልትና የምታውቀው ትናገር። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ አብረው ቢሠሩት ሥራው ይቀላል።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ የምታውቁትን ምግብ ምረጡ። እየሠራችሁ ስፈሩ፤ እየሰፈራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑና ተራ በተራ እናነባለን። ጎረቤት ሰምቶ «ጨው ረስተሻል» ቢል፣ ከመላኩ በፊት ይታረማል።

በደህና ያገናኘን።