መግቢያው በማን ስም ነው?



የምናገረው ወደ አካውንታችን የምንገባበትን ኢሜይል በጊዜ ስለመቀየር ነው። ሥራው የደቂቃዎች ስለሆነ ብዙ ሰው ቦታ አይሰጠውም። እኔ ግን የቤተሰብ ፎቶ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር የነበረ ግንኙነት በዚህ ምክንያት ሲጠፋ ስላየሁ፣ በአደባባይ ሊነገርለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በእኛ ከተሞች፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ኢሜይል የሚከፈተው ለመጻጻፍ አይደለም። ዲቪ ለመሙላት ይከፈታል፤ አዲስ ስልክ ተገዝቶ ፕሌይ ስቶር አልሠራ ሲል ይከፈታል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ለመውሰድ የከፈቱ ብዙዎች ናቸው። ባለጉዳዩ «ኢሜይል ክፈትልኝ» ይላል። ወረፋ የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው የራሱን አድራሻ ያስገባለታል፣ ወይም አንድ ስም ፈጥሮ ይከፍትለታል። ፓስወርዱ እዚያው ይቀራል። ክፋት የለበትም፤ ችኮላ ነው። ነገር ግን በእነማይም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የመሬት ይዞታ ደብተሩን በጻፈለት ሠራተኛ ስም የሚያስወጣ ገበሬ አይገኝም። አካውንት ላይ ስንደርስ ይህን ጥንቃቄ የምንተወው ለምንድን ነው?

ዲቪን ልውሰድ። ቅጹ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ውጤቱ የሚታየው ሲላክ በሚሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መልሶ ለማግኘት ሲሞክር የሚጠየቀው ያንኑ በቅጹ ላይ የሞላውን ኢሜይል ነው። አድራሻው የባለ ካፌው ከሆነ፣ አመልካቹ የራሱን ዕጣ ለማየት የሌላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከተላከ በኋላ ደግሞ ሌላ ቅጽ ሞልቶ ማረም አይቻልም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የላከ ሰው ከውድድሩ ይሰረዛል። እዚህ ላይ ማስተካከያው ከመላክ በፊት ብቻ ነው። ሌሎቹ አካውንቶቻችን ግን ይህን ያህል ጥብቅ አይደሉም፤ ኢሜይላቸው ይቀየራል።

«ኢሜይሉን ብቀይር ያለኝ ሁሉ ይጠፋብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን አዲስ አካውንት ወደ መክፈት ይገፋቸዋል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። አካውንት የሚሰጡት ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በውስጥ መዝገባቸው የራሱ መለያ አላቸው፤ ፎቶው፣ ጓደኛው፣ ምስክር ወረቀቱ የተያያዘው ከዚያ መለያ ጋር ነው። ኢሜይሉ ባለቤቱን ለይቶ ማስገቢያና ፓስወርድ ሲረሳ መመለሻ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ቢለወጥ ንብረቱ ባለበት ይቆያል። የሚጠፋው አሮጌው አካውንት ተጥሎ አዲስ ሲከፈት ነው።

አሮጌ አድራሻን ዝም ብሎ መተው ደግሞ ከመርሳት የባሰ አደጋ አለው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ያሁ ከአንድ ዓመት በላይ ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለሌላ ጠያቂ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ኢሜይል ማለት ለብዙው ሰው ያሁ ነበር። የተተወው አድራሻ ሌላ ባለቤት ካገኘ፣ በዚያ አድራሻ የተከፈተ ፌስቡክ ፓስወርድ መቀየሪያው የሚላከው ለአዲሱ ሰው ነው። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለ ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል።

ጉግል በበኩሉ ሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን እንደሚያጠፋ ያስታወቀው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ማጥፋት የሚጀምርበትን ጊዜ ከኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት እንደማይሆን ወስኖ ነበር። በመካከሉ ምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሐምሌ 2015 ሊያልቅ ሲል በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ሌላው ዓለም ማስጠንቀቂያውን በኢሜይሉ ሲያነብ፣ እዚህ ማስጠንቀቂያው የተላከበትን ኢሜይል መክፈት አይቻልም ነበር። ከዚያ በፊትም ጂሜይሉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሁለት ዓመቱ ቶሎ ይሞላበታል። ኔትወርክ ሲመለስ ብዙ ሰው ወደ ቴሌግራም ሮጠ፤ ኢሜይሉን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ዋናው ነገር አሮጌው ገና ሲከፈት መቀየር ነው። አዲሱን ኢሜይል ባለቤቱ ራሱ ይክፈት፤ ከዚያ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብቶ ይሞክረው። ወደ አካውንቱ ሴቲንግ ሄዶ አዲሱን ይጨምር፤ የሚላክለትን ኮድ ወይም ሊንክ ያረጋግጥ። አሮጌውን ማውጣት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ፌስቡክን የመሰሉት ሁለት ኢሜይል ጎን ለጎን ስለሚቀበሉ መቸኮል አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ አሮጌውን መጀመሪያ ያወጣ ሰው አዲሱ ካልተረጋገጠለት ውጭ ይቀራል። አንዳንዱ ሥልጠና ላይ «በጉግል ግባ» የሚለውን ተጭነን ስለገባን የራሱ ፓስወርድ የለውም፤ ያኔ መጀመሪያ ፓስወርድ ማውጣት፣ ቀጥሎ ኢሜይሉን መቀየር ነው። የጉግል መመለሻ ስልክ ቁጥሩን የለወጠ ሰው አሮጌውን ሲም ቢያንስ ለሳምንት አይጣል፤ ጉግል ለ7 ቀናት ኮዱን ወደ ቀድሞው ቁጥር ለመላክ ሊጠይቅ ይችላል።

ለኢንተርኔት ቤት ባለሙያዎች የተለየ ልመና አለኝ። ለባለጉዳዩ ፓስወርዱን ራሱ እንዲጽፍ ኪቦርዱን ስጡት። ማንበብ የማይችሉ እናት ከሆኑ ከሚያምኑት ልጃቸው ጋር ይምጡ፤ አድራሻውና ፓስወርዱ ተጽፎ ቤታቸው ይግባ እንጂ በእናንተ ደብተር ላይ አይቅር። ከዚህ ቀደም የራሳችሁን ኢሜይል በደንበኛ አካውንት ላይ ያስገባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሰውየው ለገበያ ሲመጣ ጥሩትና አብራችሁ ቀይሩለት። ለመግባት ወይም ለመቀየር የሚጠየቀው ኮድ በእናንተ ኢሜይል ሊመጣ ስለሚችል፣ ያለ እናንተ እርሱ ብቻውን ላይችለው ይችላል።