ቃለ ጉባኤና የተናጋሪው መብት

(በካርቲየ 5፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ለስደተኞች ኮሚቴ አባላትና ጸሐፊዎች የተደረገ ንግግር)

የዛሬው ርእሳችን ስለ ሙቀት፣ ስለ ጎርፍና ስለ ውኃ ስንከራከር የተናገርነው ቃል በወረቀት ላይ እንዴት ይጠበቅ የሚል ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ በዚህች ከተማ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ በአንዳንድ የአገሪቱ ክፍል የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ ስብሰባ ሲጠራ አንዱ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ይላል፤ ሌላው «የሀብታም አገሮች የፋብሪካ ጭስ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ቦዩ በቆሻሻ ስለ ተደፈነ ነው» ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል፤ ስድብም ይከተላል። በማግሥቱ ጸሐፊው ሰላም አወርዳለሁ ብሎ የሦስተኛውን ቃል ቢሰርዘው ቃለ ጉባኤው ለቢሮ ሲደርስ ስለ ቦዩ አንድ መስመር አይገኝበትም። የሚቀጥለው ዝናብ ግን ቦዩን እንደ ተደፈነ ያገኘዋል።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለዋል። ይህ ተረት ተናጋሪው ቃሉን እንዲያከብር ያዛል፤ የሰውን ቃል የጻፈም እንዲሁ ሊያከብረው ይገባል። ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት ብንይዝ መልካም ነው።

አንደኛ፣ የራሱን ቃል ማረም የፈለገ ያርም። ነገር ግን የቀድሞው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰርዝና ከጎኑ ቀን ጽፎ ይፈርም። ሌላው መልስ ከሰጠበት በኋላ ጨርሶ ቢፍቀው፣ መላሹ ከመሬት ተነሥቶ የተቆጣ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ሳይስማማ የሌላውን ቃል ማንም አይለውጥ፤ «ለማሳመር ነው» ማለትም ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ዘርንና ሃይማኖትን የሚነካ ስድብን፣ ዛቻንም ሰብሳቢው ሊያስወጣ ይችላል። ሆኖም «እዚህ ላይ ስድብ ወጥቷል» ተብሎ ይጻፍ፤ ለተናጋሪውም ይነገረው። ስድቡ ሲወጣ አቤቱታው አብሮ አይውጣ።

አራተኛ፣ የአንድ ስደተኛ የፋይል ቁጥር ወይም ከአገሩ የወጣበት ምክንያት በስሕተት ቢጻፍ ሳይውል ሳያድር ይጥፋ። እዚህ ላይ ሕይወት ከመዝገብ ይቀድማል።

በዓለም ደረጃም ተመሳሳይ ልማድ አለ። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ባወጣው የሳይንስ ሪፖርት ረቂቅ ላይ ከ78,000 በላይ አስተያየት ቀርቦ ነበር። አዘጋጆቹ ለአስተያየቶቹ በጽሑፍ መልስ ሰጡ፤ አስተያየቱም መልሱም ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት በግላስጎው ጉባኤ የድንጋይ ከሰልን «ቀስ በቀስ ማስቀረት» የሚለው ቃል በመጨረሻው ሰዓት በህንድ ጥያቄ «ቀስ በቀስ መቀነስ» ተባለ። ብዙዎች አዘኑ፤ ሰብሳቢውም በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ለውጡ በአደባባይ ስለ ተደረገ ግን ማን ምን እንዳስለወጠ ዛሬም ይታወቃል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አማርኛ ለማይሰማም ይተርጎም። ማንበብ የማይችሉት እናት የተናገሩት እንደ ተጻፈ የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው።