የፊደላችን ጉዳይ በማን እጅ ነው? ከአንድ ዓመታዊ የቴክኖሎጂ ጉባኤ የተገኘ ትምህርት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ጽሑፍ



 የተጠየቅሁት ስለ ምርምር ውጤት ሳይሆን፣ በሙያ ሕይወቴ አመለካከቴን ስለ ለወጠ አንድ አጋጣሚ እንድናገር ነው። ስለሆነም ዛሬ ሠንጠረዥና ቀመር የበዛበት ጥናት አላቀርብም። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳንታ ክላራ ከተማ በተካሄደው 40ኛው የዩኒኮድ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ የሰማሁትን፣ ይልቁንም ከዚያ ይዤው የተመለስሁትን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ ነው የቆምሁት።

ለመሆኑ ይህ ጉባኤ ምንድን ነው? ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በማሽኑ ውስጥ እንዲኖር የራሱ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ይህን ቁጥር ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ ወጥ ሥርዓት የሚያድለው ደረጃ ዩኒኮድ ይባላል። ደረጃውን የሚመራው ኮንሶርሺየም እ.ኤ.አ. በ1991 በሕግ የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ዋነኞቹ አባላት ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ናቸው። የእኛ ፊደል በዚህ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ፊደላችን ‘ሀ’ 4608 የሚለውን ቁጥር ይዛለች። ዛሬ በኪሳችሁ ባለው ስልክ ‘ሀ’ን ስትጽፉ፣ ከእናንተ ወደ ወዳጃችሁ የሚጓዘው ይህ ቁጥር ነው። በጉባኤው ላይ የተሰበሰቡትም የቅርጸ ፊደል ነዳፊዎች፣ የሶፍትዌር መሐንዲሶች፣ የቋንቋ ባለሙያዎችና የኩባንያ ተወካዮች ነበሩ።

ወደዚያ የሄድሁት በንጹሕ የዕውቀት ጥማት ብቻ እንዳልነበረ መናዘዝ አለብኝ። ቅሬታ ሰንቄ ነበር። የእኔ ትውልድ ከዩኒኮድ በፊት የነበረውን ዘመን ያስታውሳል። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ያድል ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በወጣትነቴ ሌሊት ሳልተኛ የተየብሁት የጥናት ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዲስኩ ሲከፈት፣ ከስሜ ጀምሮ አንድም ቃል ሊነበብ አልቻለም። ዲስኩ አልተበላሸም ነበር፤ ጽሑፉም አልጠፋም ነበር። የጠፋው ቁጥሩን ከፊደሉ ጋር የሚያገናኘው ስምምነት ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የቅርብ ጊዜ ነበር። ከጉባኤው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አንዲት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። ስሟን በዚህ መድረክ አልጠራም፤ ለምሳሌ ያህል ‘ፀሐይ’ እንበላት። የምረቃ ዝርዝር ሲወጣ ስሟ አልነበረም። ጉዳዩ ሲጣራ፣ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቷ ‘ፀሐይ’ በሚል፣ የኋለኛው ‘ጸሀይ’ በሚል ተመዝግቦ ተገኘ። መዝገቡ ከአንዲት ልጅ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ሁለት ተማሪዎች ፈጥሯል። ‘መምህር፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት አድርጎኛል’ አለችኝ። ችግሯ በብዙ ደጅ ጥናት ተፈታ። እኔም ‘ኮምፒውተሩ ለእኛ አልተሠራማ’ ብዬ አጽናናኋት። ይህ ማጽናኛዬ ስሕተት እንደነበረ የተረዳሁት ሳንታ ክላራ ከደረስሁ በኋላ ነው።

የጉባኤው የመጀመሪያ ቀን ለሥልጠና የተመደበ ሲሆን፣ የጥናት ጽሑፎች የቀረቡት በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ አነስ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ቁጥራቸው ብዙ ላልሆነ አድማጮች ጽሑፌን አቀረብሁ። ከቅሬታዎቼ አንዱ አጭር የስልክ መልእክትን ይመለከት ነበር። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ምልክቶችን ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል የሚጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መልእክቱ የሚጫንበት 140 ባይት ቦታ ለላቲኑ ፊደል በ7 ቢት፣ ለእኛ ደግሞ በ16 ቢት ይከፋፈላል። ይህን እንደ በደል አድርጌ ተናገርሁ። በኋለኛው ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽበታም መሐንዲስ እጃቸውን አንሥተው፣ ‘ሰላም የሚለው ቃላችሁ ስንት ፊደል ነው?’ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ሦስት ነው አልኋቸው። ‘በላቲን ሲጻፍስ?’ አሉኝ። አምስት ነው። ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ የሚይዝ ጽሕፈት እንዳለን ለዓመታት ሳስተምር ኖሬ፣ ይህን ጥቅም በሒሳቤ ውስጥ ሳላስገባ ቀርቻለሁ። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ግን እኔ እንዳልሁት ያህል ሰፊ አልነበረም።

እኒሁ ሰው በሻይ ዕረፍት ላይ ቀረብ ብለው ሌላ ጥያቄ አስከተሉ። የዛሬው ንግግሬ መነሻ እርሱ ነው። ‘ሕዝባችሁ የሰዎችን ስም በፊደል ተራ ሲደረድር፣ ሠናይትና ሰናይት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ወይስ ተራርቀው?’ አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በዩኒኮድ የቁጥር ቅደም ተከተል ‘ሠ’ ትቀድማለች፣ ‘ረ’ ትከተላለች፣ ከዚያ በኋላ ‘ሰ’ ትመጣለች። በዚህ ተራ ከሄድን ‘ረድኤት’ የተባለች ተማሪ በ‘ሠናይት’ እና በ‘ሰናይት’ መካከል ትገባለች። ድምፃቸው አንድ ነው ካልን ግን ሁለቱ መለያየት የለባቸውም። እኔ በዘርፉ የዶክትሬት ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ ‘እንደ ጸሐፊው ነው’ ከማለት የተሻለ መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ሳይሳለቁብኝ፣ ‘እንግዲያው እኛ በምን እንሥራው?’ አሉኝ።

በዚያ ቀን ምሽት በሆቴል ክፍሌ ሆኜ ‘ፀሐይ’ የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ ጻፍሁት። ለመጀመሪያው ድምፅ ‘ፀ’ እና ‘ጸ’ አሉ። ለሁለተኛው ‘ሀ’፣ ‘ሃ’፣ ‘ሐ’፣ ‘ሓ’፣ ‘ኀ’ እና ‘ኃ’ አሉ። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት ነው። በዛሬው የአማርኛ አነባበብ አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው አንድ ቃል በአሥራ ሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ለማሽኑ ደግሞ እነዚህ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተማሪዬን ለሁለት የከፈላት ኮምፒውተሩ አልነበረም። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። ምን ብሎ ማዘዝ እንዳለበት ያልነገረው የእኛ ወገን ነበር፤ ከዚያ ወገን መካከል ደግሞ እኔ አለሁበት።

በማግሥቱ የሆነው ነገር ይህንኑ አጠነከረልኝ። በአካባቢው ለረጅም ዓመታት የኖረ አንድ የአገሬ ልጅ ሊጠይቀኝ ፈልጎ፣ በስልክ ‘ሦስት ሰዓት ላይ እንገናኝ’ ተባባልን። እኔ ጠዋት በሆቴሉ መግቢያ ቆሜ ጠበቅሁት፤ እርሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ በሀገር ቤት አቆጣጠር፣ እርሱ በሚኖርበት አገር አቆጣጠር አስበን ነበር። ከሣቃችን በኋላ ያሰብሁት ግን ቁም ነገር ነበር። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች እንኳ ስምምነታቸውን በግልጽ ካልተነጋገሩበት፣ ለሦስተኛ ወገን፣ ይልቁንም ለማሽን፣ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

በጉባኤው የመጨረሻ ቀን መሐንዲሱን ፈልጌ፣ ‘ውሳኔውን የሚሰጠው ማነው?’ ስል ጠየቅኋቸው። በዐሳቤ የነበረው አንድ ትልቅ ቢሮና አንድ ኃያል ሰው ነበር። ያስረዱኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ ፊደል እንዲመዘገብ ማንም ሰው ማመልከቻ መጻፍ ይችላል። የሚጠየቀው ፊደሉ በሕትመት ወይም በእጅ ጽሑፍ በሥራ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የወራት ስም፣ የቀን አጻጻፍና የመሳሰሉት መረጃዎችም የየቋንቋው ተናጋሪዎች ሐሳብ በሚያቀርቡበትና ድምፅ በሚሰጡበት ሥርዓት ይሰበሰባሉ። በኮንሶርሺየሙ ውስጥ ሙሉ ድምፅ ያላቸው ከፍተኛ ክፍያ የሚከፍሉ አባላት መሆናቸው እውነት ነው። ቢሆንም ውይይቱ የሚጀምረው በጽሑፍ ነው፤ ያልጻፈ ደግሞ አይነበብም።

የራሳችን ፊደል ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከ1999ኙ ምዝገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለምዕንና ለብሊን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያገለግሉ ገቡ። ከጉባኤው በኋላም በ2021 ለጉራጌ አጻጻፍ ሌሎች ተከተሉ። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በስተጀርባ ሰነድ ያዘጋጁ፣ ናሙና የሰበሰቡ፣ ለጥያቄ መልስ የሰጡ ሰዎች አሉ። ይህም ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑን ያስታውሰናል፤ ስለ እርሱ ስንወስን የግዕዝን፣ የትግርኛንና የሌሎቹን ቋንቋዎች ባለቤቶች ሳናማክር መወሰን አይገባንም።

እዚህ ላይ የጉባኤውን ጉድለት ሳልጠቅስ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። የመገኛው ወጪ ከአንድ የሀገራችን መምህር ደመወዝ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ቪዛው ሌላ ፈተና ነው። በአዳራሹ የነበርነው አፍሪካውያን በጣት የምንቆጠር ነበርን። ኩባንያዎችም የሚልኩት ሰው የገበያቸውን ጥቅም ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን እነዚህን እውነቶች ለዓመታት እንደ ምክንያት ተጠቅሜባቸዋለሁ። ማመልከቻ ለመጻፍ ቪዛ አያስፈልግም፤ የቃላት አደራደራችንን ለማጥናትም የአየር ትኬት አያስፈልግም።

ከተመለስሁ በኋላ ከሁለት የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን መዛግብተ ቃላትን አገላበጥን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላቶቻቸውን ያዋቀሩት በአበገደ ተራ ነው። ሌሎች በሀለሐመ ተራ ይሄዳሉ። ከእነዚህም መካከል ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በአንድነት የሚያስተናግዱ አሉ፤ ለየብቻ የሚያስቀምጡም አሉ። ሁሉም በቂ ምክንያት አላቸው። የጠፋው ምክንያት ሳይሆን፣ ለየትኛው አገልግሎት የትኛው ሥርዓት እንደሚሻል የሚገልጽ ስምምነት ነበር።

ከዚያ ሥራ ያገኘነውንና እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን መርሕ በአጭሩ ልንገራችሁ፦ እንደተጻፈ አስቀምጥ፤ እንደተሰማ ፈልግ። አንድ ሰው ስሙን በ‘ዐ’ ከጻፈ በ‘ዐ’ ይቀመጥለት፤ ስሙ የእርሱ ነው፤ አመጣጡን የሚያሳይ ታሪክም ይዟል። መዝገቡ በሚፈተሽበት ጊዜ ግን ‘ዐ’ እና ‘አ’፣ ‘ፀ’ እና ‘ጸ’፣ ‘ሠ’ እና ‘ሰ’ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች ደግሞ የሚለያቸው መለያ ቁጥር እንጂ የፊደል ምርጫ አይሁን። በዚህ መንገድ ፊደላቱን ይቀነሱ በሚሉትና ይጠበቁ በሚሉት መካከል ለዘመናት የቆየውን ክርክር ሳንጨርስ፣ የተማሪዋን ችግር መፍታት እንችላለን። ተማሪዎቹ በሠሩት የሙከራ ፕሮግራም ላይ ‘ጸሀይ’ ብለን ስንፈልግ፣ ‘ፀሐይ’ ተብላ የተመዘገበችው ወጣች። ፕሮግራሙ ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ከሐፍረት ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ከነበረ፣ ያችን ልጅ ደጅ ከማስጠናት በፊት ለምን አልሠራሁትም?

ውድ ተማሪዎቼ፤ በዩኒኮድ ውስጥ ጥብቅ የሆነ አንድ ደንብ አለ። አንድ ፊደል አንዴ ከተመዘገበ አይሰረዝም፤ ቁጥሩም አይለወጥም። ይህ ደንብ እኔ ያጣሁትን ዓይነት ጽሑፍ እናንተ እንዳታጡ ይጠብቃችኋል። በዚያው ልክ ግን በቸልታ የተመዘገበ ነገር ከስሕተቱ ጋር ይኖራል ማለት ነው። ስለዚህ ውይይቱ በሚካሄድበት ሰዓት መገኘት ይገባል፤ በአካል ካልሆነም በጽሑፍ። ወደፊት በጉባኤ ላይ የመገኘት ዕድል ስታገኙ ቅሬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ‘እንግዲያው በምን እንሥራው?’ ተብላችሁ ስትጠየቁ የምትሰጡትን መልስ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔ ያንን መልስ ሳልይዝ ሄጄ ነበር፤ የጉባኤው ትልቁ ስጦታም ባዶ እጄን መሆኔን ማወቄ ነው።